አትክልት የሌለበት አትክልት ተራ
የድረ ገጽን አወቃቀር ስለ ማቀድና ስለ ማስረዳት የተደረገ ዳሰሳ

ፒያሳ «አትክልት ተራ ወራጅ አለ» ብሎ ከታክሲ የሚወርድ ሰው ዛሬ እዚያ ሽንኩርት አያገኝም። በ2012 ኮሮና ሲገባ የገበያው ግፊያ አስግቶ ነጋዴው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ሜዳው ለታቦታቱ መለቀቅ ነበረበትና ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ወረደ። ዕቃው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ በሰሜን ደቡብ መስመሩ ላይ ያለ አንድ ጣቢያውን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የሰፈሩ ሰው በዚህ አይቸገርም። «አትክልት ተራ» ሲባል የሚታየው ቦታው እንጂ ቲማቲሙ አይደለም። ትናንት ከደብረ ማርቆስ የመጣ ዘመድ ግን ዘንቢሉን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል።

ድረ ገጽ ላይም ዘንቢሉን ይዞ የሚቀረው ብዙ ነው። «አገልግሎቶች» የሚለውን ሲነካ የኃላፊው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይመጣለታል፤ «ቅጾች» ሲል ባዶ ገጽ ይከፈታል፤ «ተጨማሪ» ሲል የዛሬ አራት ዓመት የተካሄደ ዐውደ ጥናት ፎቶ ይደረደርለታል። መረጃው የለም ማለት አይደለም፤ አንድ ጥግ ተቀምጧል። የጎደለው አወቃቀሩ ነው፤ ማለትም ገጾቹ በምን በምን እንደተቧደኑ፣ በምን ስም እንደተጠሩና ከአንዱ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚታለፍ የሚወስነው አጥንት።

ይህ ዳሰሳ ሁለት ጥያቄዎች ያነሣል። አወቃቀሩ እንዴት ይታቀዳል? የታቀደውስ ለባለቤቱ፣ ለፕሮግራመሩና ለጽሑፍ አዘጋጁ እንዴት ይነገራል? ምሳሌዎቹን ከአራዳና ከፒያሳ መውሰዴ ለናፍቆት አይደለም። ሰፈሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተሰይሟል፣ ተቀይሯል፣ ፈርሷል፣ ተዛውሯል፤ ሆኖም ሰው በስምና በምልክት መንገዱን ሲያገኝበት ኖሯል። ስለ መረጃ አደረጃጀት የሚነገረው ሁሉ እዚያ በእግር ሊታይ ይችላል።

የሙያው ወላጆች

ይህ ሥራ በዓለም ላይ «የመረጃ አርክቴክቸር» ይባላል። ስሙን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሪቻርድ ሶል ወርማን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነው፤ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሉዊስ ሮዘንፌልድና ፒተር ሞርቪል ለድረ ገጽ ሠሪዎች የጻፉት መጽሐፍ ሙያውን መልክ ሰጠው። ሁለቱም የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የተማሩ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ወላጅ ሕንፃ ነዳፊ፣ ሌላው መጽሐፍ ደርዳሪ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ ወላጅ እኔ ልጨምር፤ የከተማ ፕላን። ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን ከጭንቅላታቸው እንዲስሉ ጠይቆ ነበር። ሰው ከተማን በልቡ የሚይዘው በአምስት ነገሮች ነው ሲል ደመደመ፦ በመንገድ፣ በድንበር፣ በሰፈር፣ በመጋጠሚያና በጉልህ ምልክት። ይህን ፒያሳ ላይ ማየት አያዳግትም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና መንገድ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ድንበር ነው። ሠራተኛ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ሰፈሮች ናቸው። ደጎልና ምኒልክ አደባባይ መጋጠሚያዎች፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ ጉልህ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ የፒያሳ ቀጠሮ ሁሉ «ማህሙድ ጋ» ነበር፤ የማህሙድ ሙዚቃ ቤትን ቁጥርም ሆነ የመንገዱን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም።

ድረ ገጽም እነዚሁ አምስቱ አሉት። ሜኑው መንገድ ነው። የግል መለያ ጠይቆ የሚያስቆመው ገጽ ድንበር ነው። ክፍሎቹ ሰፈሮች፣ መነሻ ገጹ አደባባይ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንድ አገልግሎት ደግሞ ጉልህ ምልክት ነው። አንዳቸው የጎደሉበት ገጽ የምኒልክን ሐውልት ጭጋግ እንደሸፈነበት ማለዳ ይሆናል፤ አገሩ ያው ነው፣ ሰው ግን ግራ ይጋባል።

«ተራ» የሚለው ቃል ጥበብ

ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933) ዋናውን የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ለቀድሞው ቦታ የቀረለት «አደባባይ» ማለት የሆነው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ፒያሳ። የተዛወረው ገበያ በዚያው አድጎ፣ የድረ ገጽ ሠሪ ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ ሥርዓት ዘረጋ። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሶማሌ ተራ፣ ዱባይ ተራ። አማርኛ «ተራ» በሚል አንድ ቃል መደዳንም ወረፋንም መደብንም ገልጿል። ፈረንጅ ምድቡን «ካቴጎሪ» ይበለው፤ ገበያተኛ እናቶቻችን ከኮምፒውተር በፊት በተራ ሲያስቡ ኖረዋል።

በእነዚህ ስሞች ውስጥ ግን ሁሉም አመዳደብ አንድ ዓይነት አይደለም። ሸማ ተራ የተሰየመው በሚሸጠው ዕቃ ነው፤ እንግዳም ይረዳዋል። ዱባይ ተራ የተሰየመው ዕቃው በመጣበት ነው፤ ግማሽ መረጃ ይሰጣል። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንደሚሸጥበት ከስሙ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምን አለሽ ተራ ደግሞ ለብቻው ነው። ከየትኛውም ተራ የተረፈው ቁርጥራጭ፣ የወለቀው ማንጠልጠያና የተፈታው ብሎን የሚገኝበት ነው። ምን አለሽ ተራ በድረ ገጽ ላይ «ሌሎች» ይባላል። ገበያ ውስጥ ጠቃሚ የሚሆነው ሌሎቹ ተራዎች በደንብ ስለተለዩ ነው። አንድ ድረ ገጽ ላይ «ሌሎች» የሚለው ክፍል ከሁሉም ከወፈረ ግን የቀሩት ክፍሎች በትክክል እንዳልተለዩ መመስከሩ ነው።

ወርማን መረጃን ለመደርደር አምስት መንገዶች እንጂ ከዚያ የሚበልጡ የሉም ይላል፦ ቦታ፣ ፊደል፣ ጊዜ፣ ዓይነትና መጠን። አንድ የፒያሳ ወርቅ ቤት ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው እንበል። ባለቤቱ ዕቃውን የሚያውቀው በካራትና በግራም ነው፤ ይህ በመጠን መደርደር ነው። መስኮቱ ላይ የሚሰቅለው ግን ቀለበቱን ለብቻ፣ ሀብሉን ለብቻ፣ ጉትቻውን ለብቻ ነው፤ ይህ በዓይነት ነው። ደንበኛው ሲገባ ደግሞ «ለእጮኛዬ» ወይም «ለልጄ ክርስትና» ይላል፤ የሚያስበው በአጋጣሚው ነው። ከዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ስጦታ የሚልክ ልጅ ከሁሉ በፊት «እስከ ምን ያህል ብር?» ብሎ ይጠይቃል። ከአራቱ ስህተት የሆነ የለም። የአቃጁ ሥራ አንዱን አውራ ጎዳና፣ ሌሎቹን መግቢያ ቅያስ ማድረግ ነው። ምርጫው ከባለቤቱ ልማድ ሳይሆን ከሚበዛው ደንበኛ አፍ የሚወጣውን ቃል ይከተል። ሁሉንም በእኩል ደረጃ አንድ ሜኑ ላይ የደባለቀ ግን ሸማውን ከብሎን ጋር አንድ ተራ ላይ ዘርግቷል።

የመሥሪያ ቤቱ መስታወት

የአገራችንን የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅቶች ገጾች የሚያይ ሰው አንድ የጋራ ጠባይ ያስተውላል፤ አብዛኛዎቹ የድርጅቱን መዋቅር መልሰው ያሳያሉ። «የዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት»፣ «የሰው ሀብት ልማት ዳይሬክቶሬት»፣ «የዕቅድና በጀት የሥራ ሂደት»። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ድርጅቶች የሚሠሯቸው ሥርዓቶች የራሳቸውን የውስጥ ግንኙነት ቅርጽ እንደሚይዙ ጽፎ ነበር። አባባሉ ዛሬም በስሙ ሕግ ሆኖ ይጠቀሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ገጹ ሲሠራ ስብሰባው ላይ የሚቀመጡት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው፤ ሁሉም የራሱ ክፍል ሜኑ ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል። ንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ የመጣው ባለሱቅ ግን ስብሰባው ላይ የለም። እሱ የሚያውቀው ጉዳዩን እንጂ የትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሚያስተናግደው አይደለም።

መድኃኒቱ ከእኛው ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰሌዳ አገልግሎቱን በስሙ፣ የሚያስፈልገውን ማስረጃና የሚወስደውን ጊዜ ዘርዝሮ ያሳያል። ያ ሰሌዳ የተደረደረው በባለጉዳዩ ጥያቄ ነው። በሚያዝያ 2017 የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሕንፃ ቀየረው፤ የተለያዩ የፌዴራል ተቋማት አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባሰቡ። ስሙም ተስማሚ ነው። መሶብ ላይ የቀረበ ወጥ የተሠራበት ድስት አይጠየቅም። የድረ ገጽ ሜኑም እንዲሁ የድስቱን ባለቤት ሳይጠይቅ ወጡን ማቅረብ አለበት። የድርጅቱ መዋቅር «ስለ እኛ» ከሚለው ሥር አንድ ገጽ ይብቃው።

ፊደላችን የሚያነሣው ጥያቄ

ስለ ድረ ገጽ አወቃቀር የተጻፉት መጻሕፍት የማይነግሩን ነገር አለ፤ በአማርኛ ስንሠራ ብቻ የሚገጥመን።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። የአዲስ አበባን 11 ክፍለ ከተሞች አንድ ቅጽ ላይ መደርደር ይኖርብናል እንበል። በሀሁ ተራ ሲደረደሩ ለሚ ኩራ ይቀድማል፤ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ቦሌና ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይከተላሉ፤ ስድስተኛው አራዳ ነው፤ ቀጥሎ አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካና ጉለሌ ይመጣሉ። አራዳ በትክክል መሐል ላይ ነው፤ አምስት ከፊቱ፣ አምስት ከኋላው። ፕሮግራመሩ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሮ ሲያበቃ ስሞቹን ብቻ ወደ አማርኛ ከለወጠ ግን አዲስ ከተማ ከላይ፣ የካ ከታች ይሆንና አራዳ ሦስተኛ ይቀመጣል። አንባቢው ዝርዝሩ በምን ሥርዓት እንደተደረደረ ሊገባው አይችልም። በነገራችን ላይ ሀሁ ብቸኛው የእኛ ሥርዓት አይደለም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ያሳተሙት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ ነው፤ በአበገደም አራዳ ሦስተኛ ይወጣል። ሁለቱም ሥርዓት ነው። ችግር የሚሆነው አንዱን ሳይመርጡ መጀመር ነው።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፒያሳ ላይ የቆመውን የድል መታሰቢያ አንዱ «ዓድዋ» ብሎ ይፈልገዋል፤ ሌላው «አድዋ»። ሠራተኛ ሰፈርም በሁለቱም ሰ ይጻፋል። የሰው ዓይን ልዩነቱን ያልፈዋል፤ ኮምፒውተር ግን ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ ሦስት የማይተዋወቁ እንግዶች ያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ከዚያ በፊት የአማርኛ ገጽ ለማንበብ የገጹን ፎንት አስቀድሞ መጫን ያስፈልግ ነበር፤ አለዚያም ጽሑፉ እንደ ሥዕል ይለጠፍ ነበር። ያ ዘመን አለፈ፤ ፍለጋው ግን እስካሁን ሞክሼዎችን እንዲያስታርቅ መታዘዝ ይኖርበታል። ይህ ትእዛዝ ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ፕሮግራመሩ ከየትም አያመጣውም።

ሦስተኛው ስም ነው። እኛ በአባት ስም አንደረደርም፤ የስልክ ማውጫችንም የተደረደረው በራስ ስም ነው። የውጭ አገር ቅጽ ገልብጦ «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ ያስቀመጠ ገጽ ወንድምና እኅትን ሳይሆን አባትና ልጅን በሁለት ቤተሰብ ይመዘግባል። ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ ሰዓታችንም ከፈረንጁ በ6 ይለያል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለው ቀጠሮ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ባለጉዳዩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀጥሮ ያድራል።

አራተኛው የገጹ አድራሻ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ሊንክ አሳሹ ላይ ያምራል፤ ገልብጠው ሲልኩት ግን እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ሊዘረዘር ይችላል። «አራዳ» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። በመልእክት የሚላክ ሊንክ በላቲን ፊደል ያጠረ ቢሆን ይሻላል፤ ርእሱ ግን በአማርኛ ይሁን። ገጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ቋንቋ የሚቀይረው ሰው ወደ መነሻ ገጽ ሳይወረወር እዚያው ገጽ ላይ መቆየት አለበት።

ጠባቡ መስኮት

አብዛኛው አንባቢያችን ድረ ገጽ የሚያየው በስልክ ነው። በሰፊ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን የሚዘረጉ ሰባት ርእሶች ስልክ ላይ ሦስት መስመር ያሉት ምልክት ውስጥ ይደበቃሉ። ስለዚህ ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከጠባቡ ነው፤ ጠባቡ ላይ ቦታ ያገኘ ለሰፊው አያንስም።

ይህን ትምህርት የስልክ ኮድ አገልግሎቶች በግልጽ ያሳያሉ። *889# ብሎ የባንክ ሒሳቡን የሚያይ፣ *127# ብሎ በቴሌብር የሚከፍል ሰው በሥዕል ሳይሆን በቁጥር ዛፍ ላይ ነው የሚሄደው፦ 1 ለዚህ፣ 2 ለዚያ። አንዱ ስክሪን በላቲን ቢበዛ 182 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ሲሆን ወደ 80 ይወርዳል። አጭር መልእክትም እንዲሁ ከ160 ወደ 70 ያንሳል። በ80 ፊደል ውስጥ «የተቀናጀ የደንበኞች አገልግሎት አሰጣጥ» ብሎ መጻፍ ቅንጦት ነው። «ገንዘብ ላክ» ይበቃል። ሜኑን በ80 ፊደል መጻፍ የለመደ ሰው ሰፊ ገጽ ላይም አይዘባርቅም።

ተቃራኒ ድምፆች

በዚህ ጉዳይ ሁሉም አንድ ቃል አይናገርም። «ፍለጋ ካለ አወቃቀር ለምን?» የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ ብዙ ሰው የሚገባው በመነሻ ገጹ ሳይሆን ከፍለጋ ተወርውሮ መሐል ገጽ ላይ ነው። ይህ ግን አወቃቀርን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ዓይኑን ታስሮ ደጎል ላይ የወረደ ሰው ዙሪያውን አይቶ የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ደግሞስ የሚፈልገውን ነገር ስም የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልግ?

«የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ይበቃናል» የሚሉም አሉ። ለዕለት ወሬና ለአዲስ ዕቃ ይበቃል። ነገር ግን ቻናል ወራጅ ውኃ ነው፤ የዛሬው የትናንቱን ይገፋዋል። የዋጋ ዝርዝር፣ የማመልከቻ ቅጽና የሥራ ሰዓት ወራጅ ውኃ ላይ አይጻፉም።

ሦስተኛው የቁጥር አምልኮ ነው። «ሁሉም ነገር በሦስት ንክኪ ይገኝ» የሚለው ደንብ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ፍተሻ ግን ሰው ሥራውን የሚያቋርጠው ንክኪው ስለበዛ እንዳልሆነ አሳየ። መንገዱ ትክክል እንደሆነ እያወቀ የሚሄድ ሰው አምስት እርምጃም አይከብደውም። «ሜኑ ከ7 አይብለጥ» የሚለውም ከጆርጅ ሚለር የ1956 (እ.ኤ.አ.) የማስታወስ ጥናት ያለ ቦታው የተወሰደ ነው። ዓይን ፊት ያለ ዝርዝር በቃል አይያዝም፤ ይነበባል እንጂ።

ዕቅዱን ማስረዳት

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአቃጁ ጭንቅላት ውስጥ ከቀረ ዋጋ የለውም። ብዙ ድረ ገጽ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ አንድ ነገር ያስባል፣ ፕሮግራመሩ ሌላ ይሠራል፣ ጽሑፍ አዘጋጁ ሁሉም ካለቀ በኋላ ይጠራል። ሦስቱ አንድ ወረቀት ፊት አልተቀመጡም።

የሥራው ቅደም ተከተል በተግባር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቆጠራ፦ ያለው ሰነድና ገጽ ሁሉ በሰንጠረዥ ይመዘገባል፤ ርእሱ፣ ባለቤቱ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ የሚቀር ወይም የሚጣል መሆኑ። አሰልቺ ነው፤ ያለዚህ ግን ቀጣዩ ሥራ ግምት ይሆናል። ቀጥሎ ካርድ፦ እያንዳንዱ ይዘት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍና የገጹን ተጠቃሚ የሚመስሉ ሰዎች «አብሮ የሚሄደውን አንድ ላይ አድርጉ፤ ስም ስጡት» ይባላሉ። ያኮብ ኒልሰን የተባለው ባለሙያ ለዚህ 15 ሰው ይበቃል ይላል። ከዚያ ዛፉ ይፈተናል፦ ሥዕልና ቀለም ሳይኖር የርእሶቹ ስም ብቻ ይሰጥና «የልጅዎን የልደት የምስክር ወረቀት ለማውጣት የትኛውን ይነካሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ለመሥራት ቡና ጠረጴዛ ይበቃል። የፒያሳ ማኪያቶ እስኪጠጣ አንድ ሰው ስድስት ጥያቄ ይጨርሳል።

ውጤቱ ሲሳል የሙያው ሰዎች የሚግባቡበት ቀላል የምልክት ቋንቋ አለ። ጄሲ ጄምስ ጋሬት እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው ሥርዓት ገጽ አራት ማዕዘን ነው፣ ማለፊያ መስመርና ቀስት ነው፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ የአልማዝ ቅርጽ ይይዛል። ለፕሮግራመር ይህ በቂ ነው። ለኃላፊ ግን ሣጥንና ቀስት የሸረሪት ድር ሊመስለው ይችላል፤ አይቶ ራሱን ነቅንቆ ያጸድቃል፣ ገጹ ሲያልቅ ግን «ይህን አላዘዝኩም» ይላል። የእኛ አገር ኃላፊ ተኮትኩቶ ያደገበት ሌላ የመዋቅር ቋንቋ አለ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ያስለመደው ክፍል፣ ምዕራፍ፣ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ። ያንኑ ካርታ 1፣ 1.1፣ 1.1.2 እያሉ በአንቀጽ ቢያቀርቡለት «2.3 ከ4 ሥር ይግባ» ብሎ በዕለቱ ይከራከራል። የሚፈለገውም ክርክሩ ነው።

ከሥዕሉ ጋር ትረካ ይሂድ። አንዲት እናት ከሽሮሜዳ ተነሥተው የልጃቸውን ሰነድ ሲፈልጉ በየትኛው ገጽ ገብተው በየት እንደሚወጡ ስብሰባው ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ከአሥር ሥዕል ይልቅ ስህተትን ያጋልጣል። ከዚያ የቃላት ስምምነት ይፈረም፦ «ቅጽ» ወይስ «ፎርም»፣ «ማመልከቻ» ወይስ «ጥያቄ»? አንዱ ይመረጥና ከሜኑ እስከ መጨረሻው ገጽ ያው ይሁን። እሪ በከንቱ የሰፈር ስም ሲሆን ታሪክ አለው። ድረ ገጽ ላይ ግን ገብተው የሚጮሁበት፣ መልስ የማይገኝበት ርእስ ሁሉ እሪ በከንቱ ነው። በመጨረሻም ለምን እንደተወሰነ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ ሲመጣ ያለፈው ክርክር እንደገና ከሀ እንዳይጀመር ነው።

ሲፈርስ፣ ሲዛወር

በ2016 ፒያሳ ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተከፈተ፤ በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፈረሳ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌ ሰፈሮችን አነሣ። አዲስ ጉልህ ምልክት ተተከለ፣ የቆዩ ሰፈሮች ጠፉ። አድራሻቸውን «ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ይሉ የነበሩ ሰዎች አሁን የሚጠቁሙት ነገር የለም።

ድረ ገጽም በየጥቂት ዓመቱ ይፈርሳል፤ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ጨረታ። ከፈረሳው በኋላ የቀድሞ ሊንኮች «ገጹ አልተገኘም» ይላሉ። ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ የጠቀሰው፣ ጋዜጣ ያተመው፣ ባለጉዳይ በስልኩ ያስቀመጠው አድራሻ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሞታል። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፈው ምክር ጥሩ አድራሻ የማይቀየር አድራሻ ነው ብሏል። መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ ገጽ በራሱ እንዲያደርስ ማድረግ ለፕሮግራመር የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ቀድሞ የተሠራ ቆጠራና ከየት ወደ የት የሚል አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ይህ ሥራ ውሉ ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ ካልተጻፈም አይሠራም።

ፍርድ

የዳሰሳው ድምር እንዲህ ነው። አራዳ የሚባለው ሰው አቋራጩን የሚያውቅ፣ የትም የማይጠፋ ነው፤ ፋራው ጠይቆ የሚሄደው ነው። ድርጅቱ የራሱን ገጽ ሲያይ ሁልጊዜ አራዳ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ አይታየውም። አወቃቀር የሚሠራው ግን ለፋራው ነው። ጥሩ ድረ ገጽ ፋራውን በአንድ ገጽ አራዳ ያደርገዋል።

ድረ ገጽ ልታሠሩ ያሰባችሁ ከውል በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሜኑውን በአንድ ሉህ ጽፋችሁ ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ ላሉ አምስት ሰዎች አሳዩ፤ ከደንበኞቻችሁ በብዛት የምትሰሙትን ጥያቄ ጠይቃችሁ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ጣቶቹ ከተበታተኑ ገና ላጲስ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ጨረታው ይቆይ። ገጹ አድጎ አንድ ቀን መዛወሩም አይቀርም። ያን ጊዜ አትክልቱ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ሰሌዳ በድሮው ቦታ ትከሉ፤ ዘንቢል የያዘ ሰው እየመጣ ነውና።